የዶሮ እንቁላልና የማግኔት መስክ፤ ስለ ኤሌክትሪክና ስለ ፅንስ የተደረገው ምርምር አጭር ታሪክ

ኤሌክትሪክ ወደ ገጠር ከተማ በገባ ቁጥር የነፍሰ ጡር እናት ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም፤ ይኸውም «ይህ ሽቦ በማኅፀኔ ያለውን ይጎዳው ይሆን?» የሚል ነው። ጥያቄው በታች ጋይንት በአርብ ገበያ ቢነሣ የሚያስነውር አይደለም፤ በዓለም ታላላቅ ቤተ ሙከራዎችም ከ40 ዓመት በላይ ሲመረመር ቆይቷልና።

የምርምሩ መነሻ በየገበያው የሚሸጠው ተራ የዶሮ እንቁላል ነበር። ዶሮ 21 ቀን ታቅፋ የምትፈለፍለው ጫጩት መሠረታዊ ቅርጹን መያዝ የሚጀምረው በመጀመሪያዎቹ 2 ቀኖች ነው፤ ልቡም የሚመታው ያን ጊዜ ነው። ፅንሱ ከእናቱ አካል ውጭ ስለሚያድግ ለተመራማሪ ዓይን ቅርብ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1982 ስፔናዊው ሳይንቲስት ሆሴ ዴልጋዶና ባልደረቦቹ፥ እንቁላሎችን ለ48 ሰዓት ለደካማ የማግኔት ምት አጋልጠው በፅንሶቹ ላይ የቅርጽ ጉድለት ማየታቸውን አስታወቁ። ዴልጋዶ ቀደም ሲል አንጎሉ ውስጥ ኤሌክትሮድ የተተከለለትን ኮርማ በሬዲዮ ምልክት በማቆሙ የታወቀ ሰው ነው። ለውጡ የበረታው በሴኮንድ 100 ምት፥ በ1.2 ማይክሮቴስላ ሲሆን፥ ይህ መጠን ከ30 እስከ 60 ማይክሮቴስላ ከሚደርሰው የመሬት የራሷ ማግኔት እጅግ ያነሰ ነው። ምቱ ግን ቶሎ ቶሎ የሚለዋወጥ፥ የመሬት መስክ ደግሞ የረጋ መሆኑን ልብ ይሏል።

በአንድ ቤት የታየ ነገር በሌላው ካልተደገመ ዕውቀት አይባልም። ስለዚህ በአሜሪካ፥ በካናዳ፥ በስዊድንና በስፔን የሚገኙ 6 ቤተ ሙከራዎች አንድ ዓይነት መሣሪያ ይዘው ሙከራውን ደገሙት፤ ውጤቱም በ1990 ታተመ። የሁሉም ሲደመር ለመስኩ ከተጋለጡት ፅንሶች 25 ከመቶ ያህሉ፥ ካልተጋለጡት ደግሞ 19 ከመቶ ያህሉ ጉድለት ታየባቸው። ይሁን እንጂ ልዩነቱ ለብቻው ጎልቶ የታየው በሁለቱ ቤተ ሙከራዎች ብቻ ነበር። ቦታው ሲለወጥ ውጤቱም ተለወጠ።

ከዶሮ ወደ ሰው ሲመጣ ነገሩ ይበልጥ ይለዝባል። በ1991 የታተመ የአሜሪካ ጥናት በኮምፒዩተር መስኮት ፊት በሚሠሩ የስልክ ኦፕሬተሮች ላይ የፅንስ መጨንገፍ መብዛቱን አላገኘም። የዓለም የጤና ድርጅትም በ2007 መረጃውን ሁሉ መርምሮ፥ ስለ መጨንገፍ አንዳንድ ምልክት ቢኖርም ማስረጃው በቂ አይደለም ሲል ደመደመ።

እንግዲህ ለእናቲቱ የሚገባት መልስ ሐሰተኛ ማጽናኛም ባዶ ማስፈራሪያም አይደለም። የማግኔት መስክን ግድግዳ አያግደውም፤ ከመስመሩ በራቁ ቁጥር ግን ፈጥኖ ይደክማል። መጠኑም በመሣሪያ ይለካል፤ በ2010 የወጣው ዓለም አቀፍ መመሪያ ለ50 ኸርዝ ኤሌክትሪክ ለሕዝብ የወሰነው ጣሪያ 200 ማይክሮቴስላ ነው። ስለዚህ ቤትን ከከፍተኛ መስመር ማራቅ፥ መለካትና ውጤቱን በግልጽ መናገር የባለሙያው ግዴታ ነው።

በሌላ በኩል የማገዶ ጢስ የሕፃናትን የልደት ክብደት ከመቀነስ ጋር መያያዙ በብዙ ጥናት ታይቷል። በሚዛኑ አንድ ወገን ያልጸና ጥርጣሬ፥ በሌላው ወገን የታወቀ ጉዳት አለ። እናቲቱ የመጀመሪያውን ፈርታ ከሁለተኛው ጋር እንድትኖር ማድረግ የባሰ ስሕተት ይሆናል።