አውሬን ባልንጀራ ያደረገው ጨዋታ

የካቲት 1988 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የዓድዋን ድል 100ኛ ዓመት ለማክበር ሽር ጉድ የምትልበት ወር ነበር። የወሎ ሰው ደግሞ ዓድዋ ሲነሣ የራስ ሚካኤልን ፈረሰኞች ሳያነሣ አያልፍም። በዓሉ አራት ቀን ሲቀረው፣ የካቲት 19፣ ጃፓን ውስጥ ከመዳፍ የማይበልጥ የጨዋታ ካሴት በሁለት ዓይነት፣ ቀይና አረንጓዴ ተብሎ፣ ገበያ ላይ ዋለ። ስሙ ፖክሞን ነው። ተጫዋቹ አንድ ታዳጊ ልጅ ሆኖ ከትውልድ መንደሩ ይወጣል። በየሜዳው፣ በየዋሻውና በየወንዙ ዳር የሚያገኛቸውን እንግዳ ፍጥረታት ይይዛል፣ ስም ያወጣላቸዋል፣ ያሳድጋቸዋል፤ በመንገዱም ሁሉ አብረውት ይጓዛሉ። ከሌሎች ልጆች ፍጥረታት ጋር ያጋጥማቸዋል፤ ሲያሸንፉ ይጠነክራሉ፤ አንዳንዶቹም መልካቸውን ለውጠው ሌላ ፍጥረት ይሆናሉ። ብዛታቸው 150 ነበር፤ አንድ የተደበቀ ሲጨመር 151።

ኩታበር ከደሴ በስተሰሜን ምዕራብ በደጋው ላይ ያለች ከተማ ናት። ስለዚህ አካባቢ የሚጽፍ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያነሣው በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ 4ኛ ቦሩ ሜዳ ላይ የጠሩትን የሃይማኖት ጉባኤ፣ ወይም ከዚያ አስቀድሞ አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ የወደቁበትን ቀን ነው። እኔ የልጆች ጨዋታ ታሪክ ይዤ የመጣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ጃፓኖቹ ያንን ጨዋታ የሠሩባቸው ነገሮች ሁሉ በዚህ ደጋ ላይ ሞልተው ሳሉ፣ ከእነሱ አንድ ጨዋታ ለመሥራት የተነሣ ሰው አለመኖሩ ይቆጨኛል።

መጀመሪያ ከመሣሪያው ልነሣ። ካሴቱ የሚገባበት የእጅ መጫወቻ ጌም ቦይ ይባላል። የነደፈው ጉንፔ ዮኮይ እ.ኤ.አ. በ1965 ኒንቴንዶ ሲቀጠር የተሰጠው ሥራ የማሽን ጥገና ነበር፤ ኩባንያው ያን ጊዜ የሚታወቀው መጫወቻ ካርታ በማተም ነው። እንደሚነገረው ዮኮይ ባቡር ውስጥ አንድ የሰለቸው መንገደኛ የሒሳብ መኪናውን ቁልፎች እየነካካ ጊዜውን ሲገፋ አየ። እ.ኤ.አ. በ1980 የመጀመሪያዎቹ የኒንቴንዶ የኪስ ጨዋታዎች የወጡት ከዚያ ሐሳብ ነው። ዮኮይ አጥብቆ የያዘው መርህ ነበረው፤ አዲስና ውድ የሆነውን ቴክኖሎጂ ከማሳደድ ይልቅ፣ የቆየውን፣ የታወቀውንና የረከሰውን ወስዶ ማንም ያላሰበው ሥራ ላይ ማዋል።

እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣው ጌም ቦይ ለዚህ መርህ ምስክር ነው። ቀለም የለውም፤ አረንጓዴ በመሰለች ትንሽ መስኮት ላይ ምስሉ በአራት ደረጃ ይጠቁራል ይነጣል እንጂ። የራሱ መብራት ስለሌለው በጨለማ አይታይም። በዚያው ዘመን ሴጋ የተባለው ኩባንያ ያወጣው ጌም ጊር ቀለምም መብራትም ነበረው፤ ነገር ግን ስድስት ባትሪ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ይጨርሳል። ጌም ቦይ አራት ባትሪ ጎርሶ ከ10 ሰዓት በላይ ይሠራል፤ ዋጋውም ይቀንሳል። ገበያው ያለ ጥርጥር ጌም ቦይን መረጠ። መብራት አንድ ቀን መጥቶ ሁለት ቀን በሚጠፋበት አገር የኖረ ሰው ምክንያቱ አይጠፋውም።

ጨዋታውን ያሰበው ሳቶሺ ታጂሪ እ.ኤ.አ. በ1965 ተወልዶ ያደገው በቶኪዮ ዳርቻ፣ ማቺዳ በምትባል ከተማ ነው። ያን ጊዜ ማቺዳ የሩዝ ማሳ፣ ወንዝና ጫካ ነበራት። ታጂሪ ጥንዚዛ በመያዝ የሚስተካከለው ስላልነበረ ጓደኞቹ የነፍሳት ዶክተር ይሉት ነበር። ሌሎቹ ልጆች የዛፍ ቅርፊት ላይ ማር ቀብተው ሲጠብቁ፣ እሱ ግን ጥንዚዛ ቀን ቀን ድንጋይ ሥር መተኛት እንደሚወድ አስተውሎ ከዛፉ ግርጌ ድንጋይ ያስቀምጣል፤ በኋላ መጥቶ ድንጋዩን ማንሣት ነው። ዓመታት ሲያልፉ ማሳው በአስፋልትና በሕንጻ ተሸፈነ። ዓሣ ያጠምድበት የነበረው ኩሬ የቪዲዮ ጨዋታ ቤት ተሠራበት። ልጁም ወደዚያው ጨዋታ ቤት ገባ።

እ.ኤ.አ. በ1983 ታጂሪ ገና የ17 ዓመት ልጅ ሳለ ጌም ፍሪክ የተባለች መጽሔት በእጁ እየጻፈ፣ እያባዛና በስቴፕለር እያያዘ መሸጥ ጀመረ። መጽሔቷን ገዝቶ ያነበበው ሠዓሊው ኬን ሱጊሞሪ አብሮት መሥራት ጀመረ፤ እ.ኤ.አ. በ1989 መጽሔቷ ወደ ጨዋታ አምራች ድርጅትነት ተለወጠች። በዚያው ዓመት መጨረሻ ስኩዌር የተባለው ኩባንያ ሳጋ የተሰኘ ጨዋታ ለጌም ቦይ አወጣ፤ ደራሲው አኪቶሺ ካዋዙ ነው። በሳጋ ውስጥ አውሬዎች የጉዞው አባላት ናቸው፤ የወደቀ ጠላት ሥጋ ሲበሉ መልካቸው ይለወጣል። ጨዋታው ከአንድ ሚሊዮን በላይ ተሸጠ። ታጂሪም በዚህች ትንሽ መሣሪያ ላይ ረጅም ተረትና ጉዞ ሊሠራ እንደሚችል ከሳጋ እንደተረዳ ተናግሯል።

የቀረውን ያሟላለት ገመድ ነው። ሁለት ጌም ቦይ በገመድ ይገናኛል፤ ሌሎች ሰሪዎች ገመዱን ለውድድር ብቻ ይጠቀሙበት ነበር። ታጂሪ ግን ገመዱን ሲያይ ነፍሳት ከአንዱ መሣሪያ ወደ ሌላው ሲሳቡበት ታየው። የጨዋታው ዋና ብልሃት ከዚህ መጣ። በቀዩ ካሴት የማይገኙ ፍጥረታት በአረንጓዴው አሉ፤ በአረንጓዴው የሌሉት ደግሞ በቀዩ። ሁሉንም መሰብሰብ የሚፈልግ ልጅ የግድ ጓደኛ ይፈልጋል፤ ተቀምጦ ይደራደራል፤ ይለዋወጣል። ብቻውን ለሚቀመጥ ልጅ የተሠራ የሚመስለው መሣሪያ ሰው ፍለጋ ከቤት አስወጣው። እኔ ከታሪኩ ሁሉ አስበልጬ የምወደው ይህንን ነው።

ሥራው ስድስት ዓመት ወሰደ። ገንዘብ አለቀ፤ ከሠራተኞቹ ጥለው የሄዱ ነበሩ፤ ታጂሪ ራሱ ደሞዝ መውሰድ አቁሞ በአባቱ እጅ ኖረ። ጨዋታው ሲያልቅ ጌም ቦይ ሰባት ዓመቱ ነበርና ብዙዎች ዘመኑ አልፏል ብለው ነበር። ከማለቁ ጥቂት ቀደም ብሎ ሺጌኪ ሞሪሞቶ የተባለው ፕሮግራመር የሙከራ መሣሪያዎቹ ሲነሡ በካሴቱ ላይ የቀረችውን 300 ባይት ያህል ባዶ ቦታ አየ። እዚያች ውስጥ ሚው የምትባለውን 151ኛዋን ፍጥረት ሸጎጣት። ተጫዋች እንዲያገኛት አልታሰበም ነበር፤ ወሬው ግን በልጆች መካከል ተሰማ። እ.ኤ.አ. በ1996 የጸደይ ወራት አንድ የልጆች መጽሔት ሚውን ለ20 ልጆች በዕጣ እሰጣለሁ ሲል ከ78 ሺህ በላይ ማመልከቻ ደረሰው። ሽያጩም ከዚያ በኋላ ዕለት ዕለት አደገ። ዮኮይ በዚያው ዓመት ኒንቴንዶን ለቀቀ፤ በቀጣዩ ዓመት በመኪና አደጋ ሞተ። ያረጀ የተባለው መሣሪያው ግን በፖክሞን ምክንያት እንደገና ወጣት ሆኖ ነበር።

እንግዲህ ወደ ደጋችን እንመለስ። በዚያ ዘመን የኩታበርና የአካባቢዋ ልጅ ጌም ቦይ አልነበረውም፤ ጨዋታ ግን ነበረው። ከብት ሲጠብቅ መሬት ቆፍሮ በጠጠር ገበጣ ይጫወታል። ማታ እሳት ዳር እንቆቅልሽ አለ። አንዱ «እንቆቅልህ» ሲል ሌላው «ምን አውቅልህ» ይላል፤ መልሱ የጠፋበት ሀገር ይሰጣል። የተቀበለው ልጅ በሐሳቡ ደሴ ወይም ጎንደር ደርሶ ያየውን፣ የበላውንና የጠጣውን እየዘረዘረ በተረታው ላይ ይኩራራበታል። በአንድ ቃል ሀገር የሚወረስበት፣ በሌላ ቃል ጉዞ የሚጀመርበት ጨዋታ ነው። ከዚያ ተረቱ ይቀጥላል፤ አያ ጅቦ ሆዳምነቱ ያዋርደዋል፣ ጦጢት ታመልጣለች፣ ዘንዶ የውሃውን ምንጭ ይዞ ይተኛል።

አውሬ የሰው ባልንጀራ ሲሆን ማየትም ለወሎ ልጅ እንግዳ አይደለም። ክርስቲያኑ በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ በአንበሶችና በነብሮች ተከበው ሲቆሙ፣ አቡነ ሳሙኤል አንበሳ ላይ ተቀምጠው ሲሄዱ እያየ ያድጋል። ሙስሊሙ ወፎችና ጂኖች የታዘዙለትን የነቢዩ ሱለይማንን ታሪክ፣ ከሳባ ወሬ ያመጣችውን የሁድሁድን ነገር ይሰማል። ወሎ ሁለቱም ልጆች ጎረቤት ሆነው የሚያድጉበት አገር ስለሆነ አንዱ የሌላውን ታሪክ ያውቀዋል። እነዚህ የእምነት ታሪኮች ናቸውና የጨዋታ ማሟያ ይሁኑ አልልም፤ ክብራቸው እንደተጠበቀ ይቆይ። ልጁ ግን ጃፓን ሳይሄድ አስቀድሞ ያወቀው ዓለም ይህ ነው።

ፍጥረታቱስ? ከኩታበር በስተደቡብ ምዕራብ ርቆ፣ ከመካነ ሰላም ወጣ ብሎ የደንቆሮ ጫካ አለ፤ ዛሬ የቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ አካል ነው። የአካባቢው ሰው ጫካው ከአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ጀምሮ ተጠብቆ የኖረ ነው ይላል። ጭላዳ፣ የምኒልክ ድኩላ፣ ነብርና ቀይ ቀበሮ ይኖሩበታል። በዓለም ላይ የቀረው ቀይ ቀበሮ፣ ያደገው ብቻ ሲቆጠር፣ 500 አይሞላም፤ ያለውም በኢትዮጵያ ብቻ ነው። አጥንት ይዞ ሽቅብ ወጥቶ አለት ላይ እየጣለ ሰባብሮ የሚበላ ትልቅ አሞራም በእነዚሁ ገደሎች ላይ ያንዣብባል። ማንም ሠዓሊ ከልቡ አፍልቆ ከዚህ የሚበልጥ ፍጥረት አይሥልም።

ከሁሉ የሚያስደንቀው በመንዝ ጓሳ የታየው ነው። ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 ባሳተሙት ጥናት ቀይ ቀበሮ በጭላዳ መንጋ መካከል ገብቶ አይጥ እንደሚያድን ጽፈዋል። ጭላዳዎቹ አይሸሹትም፤ እሱም ግልገሎቻቸውን ትቶ በሣሩ ሥር ያለችውን አይጥ ይከታተላል። በመንጋው መካከል ሲያድን ከ100 ሙከራ 67ቱ ይሳካለታል፤ ብቻውን ሲሆን ግን 25ቱ። ሁለት የማይመሳሰሉ እንስሳት ጎን ለጎን ሲውሉ አንደኛው የሚበረታበት ሕግ ማለት ነው። የጨዋታ ሠሪ ዓመታት ደክሞ የሚያወጣውን ሕግ የአማራ ደጋ በነጻ አስቀምጦታል።

ፖክሞን ወደ አገራችን የመጣው በካሴት ሳይሆን በዲሽ ነው ማለት ይቻላል። ብዙ የከተማ ልጅ ያየው በዐረብኛ የልጆች ጣቢያዎች ላይ ቋንቋውን ሳይሰማ ነው። በእጁ የገባው የኪስ ጨዋታ በባትሪ የሚሠራው፣ ጡብ የሚደረደርበት የቻይና ጌም ነበር። ቀጥሎ ፕሌይስቴሽን ቤት መጣ፤ ከዚያ ስልክ። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2016 የወጣው ፖክሞን ጎ ደግሞ በብዙ አገር ሰውን ስልኩን ይዞ በየመንገዱ አስኬደ፤ ፍጥረታቱ በእውነተኛው ካርታ ላይ ስለተቀመጡ ያልተራመደ አያገኛቸውም።

በኢትዮጵያ ልጆች እጅ የተሠራ ጨዋታ የለም አይባልም። አዲስ አበባ ያለው ቅኔ ጌምስ፣ መሥራቹ ዳዊት አብርሃም፣ እ.ኤ.አ. በ2018 ኩኩሉን አወጣ፤ ከገበሬ የምታመልጥ ዶሮ በአገራችን መልክዓ ምድር ላይ ትሮጣለች። በአፍሪካ ደረጃም ተሸለመ። እነዚሁ ወጣቶች ገበጣን ወደ ስልክ አምጥተውታል። ገበጣ ዕድለኛ ነው፤ ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተሙት ጥናት በኢትዮጵያና በአፍሪካ ቀንድ የሚታወቁትን ከ100 በላይ የአጨዋወት ዓይነቶች መዝግበዋል፤ ሠሪ ሲነሣ የሚጀምርበት መዝገብ አለው። የወሎ ተረት አውሬዎች እንዲህ ያለ መዝገብ ያስፈልጋቸዋል።

ስልክ ልጆቻችንን በላ የሚሉ ወላጆች አሉ፤ ትክክል ናቸው። አብዛኛው የስልክ ጨዋታ ልጁን አንድ ቦታ አስቀምጦ ማስታወቂያ የሚያስቆጥር ነው። ታጂሪ ጨዋታውን የሠራው ሜዳው በአስፋልት ለተወሰደበት የከተማ ልጅ ነበር። የኩታበር ልጅ ሜዳው አልተወሰደበትም፤ ስለዚህ ለእሱ የሚሠራው ጨዋታ ወደ ሜዳው የሚመልሰው መሆን አለበት፤ ያየውን ወፍ እንዲመዘግብ፣ አያቱን ስለ ዘንዶው እንዲጠይቅ፣ የጎደለውን ከተንታ ወይም ከአምባሰል ልጅ ጋር እንዲለዋወጥ። ኢንተርኔት በሌለበት፣ በርካሽ ስልክ፣ ባትሪ ሳይጨርስ መሥራትም አለበት። ዮኮይ እንዳሳየን ይህ ችግር አይደለም፤ የንድፉ መነሻ ነው።

ወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ሁለት ግቢ አለው፤ በኮምቦልቻው ቴክኖሎጂ ይማሩበታል። ኮምፒውተር የምትማሩ፣ ሥዕል የምትሥሉ፣ ሥነ ቃል የምታጠኑ የአካባቢው ልጆች፦ ክረምት ላይ ወደየቤታችሁ ስትመለሱ አያቶቻችሁን አስቀምጣችሁ የሚያውቁትን ተረት በስልካችሁ ቅረጹ፤ የተናገረውን ሰው ስምና ቀበሌ ጻፉበት፤ አውሬዎቹን አንድ በአንድ ሣሉ። ፕሮግራሙ በኋላ ይደርሳል፤ ተራኪዎቹ ግን ዕድሜያቸው ገፍቷልና በዚህ ክረምት ጀምሩ።