የአሉሚኒየም ቅይጥ ምርጫ ለረቂቅ የማሽን ሥራ

የአሉሚኒየም ቅይጥ ምርጫ በቶርኖ ወይም በሚሊንግ ማሽን ተቆርጦ ልኬቱ እስከ መቶኛ ሚሊሜትር ለሚጠበቅ ዕቃ ተስማሚውን ቅይጥ የመወሰን ሥራ ነው። የመስኮትና የበር ፍሬም በአብዛኛው የሚሠራበት 6063 ለማሽን ሥራ ቀዳሚ ምርጫ አይደለም፤ ለስላሳ ስለሆነ ፍቅፋቂው እየረዘመ መቁረጫው ላይ ይጠመጠማል። ለአብዛኛው ዕቃ መነሻ መሆን ያለበት ማግኒዚየምና ሲሊከን የተቀላቀለበት 6061 ነው።

ጥንካሬን የሚያስቀድሙ ግን ዚንክ የሚበዛበትን 7075 ይመርጣሉ። በእርግጥም በቲ6 የሙቀት ማጠንከሪያ ደረጃ 6061 በ276 ሜጋፓስካል ገደማ ቅርጹን መልቀቅ ሲጀምር፣ 7075 እስከ 500 ገደማ ይችላል። ይሁን እንጂ በእኩል ጭነት ሁለቱም የሚለመጡት ተቀራራቢ በሆነ መጠን ነው፤ ስለዚህ ችግሩ መለመጥ ከሆነ መፍትሔው ውድ ቅይጥ ሳይሆን ውፍረት መጨመር ነው። 7075 በተለመደው ብየዳ ይሰነጠቃል፤ ዝገትን የመቋቋም አቅሙም ያንሳል። ዋጋው የሚካሰው እንደ አውሮፕላን አካል ቀላል ሆኖ ከባድ ጭነት መሸከም ሲኖርበት ነው። የትኛውም ቢመረጥ፣ ተስቦ ውስጣዊ ውጥረቱ የቀነሰ የቲ651 ሰሌዳ ይታዘዝ፤ አለዚያ አንዱ ገጽ ሲላጥ ዕቃው ይጣመማል።