ከፓሪስ የመጣው «የሰላም» ዕቅድ፦ የ1928ቱ የሆርና የላቫል ስምምነትና የካናዳ ድርሻ

«ጃንሆይ በ1928 ዓ.ም. የቀረበላቸውን የሰላም ሐሳብ ተቀብለው ቢሆን ኖሮ አዲስ አበባ ባልተያዘች፣ ያን ሁሉ ሕዝብም ባላለቀ ነበር» የሚል ክርክር በመካከላችን ብዙ ጊዜ ይነሣል። በለቅሶ ቤትም፣ በቡና ላይም፣ ኤርፖርት ተራ ስንጠብቅም ሰምቼዋለሁ። ክርክሩን የሚያነሡት ሰዎች ስለ ሕዝብ አዝነው እንጂ ለክፋት አይደለም። ዳሩ ግን ዕቅዱ ምን እንደያዘ፣ ለምን በችኮላ እንደተዘጋጀና መንግሥታት እንዴት እንደተቀበሉት ሲነገር ብዙም አይሰማም። የማኅበራችን የዐሥረኛ ዓመት መጽሔት አዘጋጆች አንድ የታሪክ ጽሑፍ እንዳቀርብ ሲጠይቁኝ ይህን ርእስ የመረጥኩት በዚህ ምክንያት ነው። የምንኖርበት አገር ካናዳም በነገሩ ውስጥ ቀላል የማይባል እጅ ነበራት።

እንደሚታወቀው የፋሽስት ኢጣልያ ጦር መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. (ኦክቶበር 3 ቀን 1935) የመረብን ወንዝ ተሻገረ። ኢትዮጵያ ከ1916 ዓ.ም. ጀምሮ የዓለም መንግሥታት ማኅበር አባል ስለነበረች ጉዳዩ በጄኔቭ ታየ። የማኅበሩ ምክር ቤት ኢጣልያ ቃል ኪዳኑን አፍርሳ ጦርነት መክፈቷን አረጋገጠ፤ 50 አገሮችም ውሳኔውን ደገፉ። ኦስትሪያ፣ ሀንጋሪና አልባንያ ግን አልተባበሩም። ኅዳር 8 ቀን ማዕቀቡ በሥራ ላይ ዋለ። ለኢጣልያ እንዳይሸጡ ከተከለከሉት ዕቃዎች መካከል ጎማ፣ ቆርቆሮና ኒኬል፣ እንዲሁም ፈረስ፣ በቅሎ፣ አህያና ግመል ይገኙባቸዋል። አንባቢ ይፍረድ! በቅሎና ግመል ሲከለከሉ ነዳጅ ዘይት ግን አልተከለከለም። የሙሶሊኒ ጦር በትግራይ ተራሮች ላይ ስንቁን የሚያመላልሰው በካሚዮን፣ ቦምብ የሚጥለውም በአይሮፕላን ነበር። ቤንዚን ያለቀበት መኪና ምን እንደሚሆን ለአንድ ታክሲ ነጂ ማስረዳት የሚያስፈልግ አይመስለኝም።

ይህን ጉድለት በጉባኤ ላይ አንሥቶ የተናገረው ሰው ካናዳዊ ነበር። ዶክተር ዎልተር ሪደል ይባላል። የኦንታርዮ ተወላጅ ሲሆን ወደ ጄኔቭ ከመሄዱ በፊት በኦንታርዮ መንግሥት የሥራ ጉዳይ ምክትል ሚኒስትር ሆኖ ሠርቷል። ጥቅምት 22 ቀን (ኖቬምበር 2) በማዕቀቡ ኮሚቴ ስብሰባ ላይ ነዳጅ ዘይት፣ የድንጋይ ከሰል፣ ብረትና አረብ ብረት በዝርዝሩ እንዲጨመሩ ሐሳብ አቀረበ። ጋዜጦችም «የካናዳ ሐሳብ» ብለው ሰየሙት። ችግሩ ሪደል ይህን የተናገረው ከኦታዋ ግልጽ ፈቃድ ሳያገኝ መሆኑ ነው። በጥቅምት ወር በተደረገው ምርጫ የቤኔት መንግሥት ወድቆ ማኬንዚ ኪንግ ሥልጣን ከተረከበ ገና ዐሥር ቀን ነበር። ኪንግ ማዕቀቡ ጦርነት ያመጣና ካናዳን ይጎትታታል ብሎ ይፈራ ነበር። በኬቤክ ደግሞ ለካቶሊኳ ኢጣልያ የሚያዝኑ ብዙዎች ስለነበሩ አገር ይከፈልብኛል የሚልም ሥጋት ነበረው። በዲሴምበር መጀመሪያ ላይ፣ ኪንግ ለዕረፍት አሜሪካ ሳለ፣ ተጠባባቂው ኧርነስት ላፖዌንት ለጋዜጠኞች መግለጫ ሰጠ። የሪደል ሐሳብ የግሉ አስተያየት ነው፤ የካናዳ መንግሥት አይደለም አለ።

ወሬው ሮም ሲደርስ ምን ያህል ደስታ እንዳመጣ መገመት አያዳግትም። የነዳጁን ሐሳብ ያመጣው አገር ራሱ እጁን ከሰበሰበ ሌላው ለምን ይድፈር? የማዕቀቡ ኮሚቴ ስለ ነዳጅ ለመነጋገር ለታኅሣሥ 2 ቀን (ዲሴምበር 12) ቀጠሮ ይዞ ነበር። ሙሶሊኒም ነዳጅ ከተከለከልኩ እንደ ጦርነት እቆጥረዋለሁ እያለ ያስፈራራል። እንግሊዝ ከኢጣልያ ጋር በሜዲቴራንያን ባሕር ብቻዋን እንዳትጋጠም ሠጋች። ፈረንሳይም ሂትለርን ለመቋቋም ኢጣልያን ትፈልጋት ነበር። እንግዲህ የሰላም ዕቅዱ የተወለደው ከዚህ ጥድፊያ ነው።

የእንግሊዝ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሰር ሳሙኤል ሆር ለዕረፍት ወደ ስዊስ ሲጓዝ ፓሪስ ላይ ወርዶ ከፈረንሳዩ ጠቅላይ ሚኒስትር ፒዬር ላቫል ጋር ኅዳር 27ና 28 ቀን (ዲሴምበር 7ና 8) ተነጋገረ። ከዚያ በፊት በነበረው ቀን፣ ኅዳር 26፣ የኢጣልያ አይሮፕላኖች ደሴን ደብድበው የአሜሪካኖች ሆስፒታል ተመትቶ ነበር። (የወልወል ግጭት የተነሣውም በ1927 ዓ.ም. በዚሁ ኅዳር 26 ቀን መሆኑ ያስገርማል፤ ኢጣልያኖች በእኛ አቆጣጠር አስበውት እንዳልሆነ ግልጽ ነው።) ጃንሆይ ደሴ ነበሩ፤ በመትረየስ ላይ ሆነው ወደ አይሮፕላኖቹ ሲተኩሱ የሚያሳየው ፎቶግራፍም የዚያ ጊዜ ነው።

ዕቅዱ ምን ይላል? በመጀመሪያ ምሥራቃዊው ትግራይ ለኢጣልያ ይሰጣል። ድንበሩ በአክሱምና በዐድዋ መካከል አልፎ አክሱም ለኢትዮጵያ፣ ዐድዋ ለኢጣልያ ይሆናሉ። ዐድዋን ለኢጣልያ! በደናክልና በኦጋዴን በኩልም ድንበሩ «ይስተካከላል»፤ ማስተካከል የተባለው ወደ ኢጣልያ መግፋት ነው። በምትኩ ኢትዮጵያ ወደ ዐሰብ የሚያደርስ ቀጭን መተላለፊያ ታገኛለች። በጊዜው በተደረገ ስሌት ኢትዮጵያ የምትሰጠው ወደ 60 ሺሕ ስኩዌር ማይል፣ የምታገኘው ወደ 3 ሺሕ ነበር። በዚያ ላይ የጅቡቲው ባቡር ገቢው እንዳይነካ በዐሰቡ መንገድ ላይ የባቡር ሐዲድ መዘርጋት እንደማይፈቀድ ተሰማ። የለንደኑ ታይምስ የግመሎች መተላለፊያ ብሎ ተሳለቀበት።

ከዚህ ሁሉ የከፋው ግን ሁለተኛው ክፍል ነው፤ በክርክራችንም ውስጥ የሚረሳው እሱ ነው። ከ8ኛው የኬክሮስ መስመር በስተደቡብ እስከ ኬንያ ድንበር ያለው አገር የኢጣልያ «የኢኮኖሚ መስፋፊያና የሰፈራ ክልል» ይሆናል። 8ኛው መስመር በዝዋይ ሐይቅ ላይ የሚያልፍ ነው። ጂማ፣ ከፋ፣ ወላይታ፣ ሲዳሞ፣ ቦረናና ባሌ በሙሉ በክልሉ ውስጥ ይወድቃሉ፤ ስፋቱም ወደ 160 ሺሕ ስኩዌር ማይል ተገምቷል። በስም የኢትዮጵያ ግዛት ሆኖ ይቆያል። ነገር ግን የኢኮኖሚው መብት የኢጣልያ ብቻ ይሆናል፤ አስተዳደሩንም በማኅበሩ ስም የሚቆጣጠረው አካል የኢጣልያኖች እጅ የሚበረታበት ነበር። በዚያን ሰዓት የኢጣልያ ወታደር ከዚህ አገር አብዛኛውን በዓይኑ እንኳ አላየውም። ሙሶሊኒ በሁለት ወር ጦርነት ካገኘው ይልቅ ሁለቱ ሚኒስትሮች በሁለት ቀን ንግግር ያዘጋጁለት ይበልጥ ነበር።

ምሥጢሩ አንድ ቀን አላደረም። ኅዳር 29 ቀን ሎቭርና ኤኮ ደ ፓሪ የተባሉት የፈረንሳይ ጋዜጦች አወጡት፤ እንግሊዝ አገርም እሳት ነደደ። ይህ ያለ ምክንያት አልነበረም። ሆር ራሱ በ1927 ዓ.ም. ጳጉሜን 6 ቀን፣ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ፣ በጄኔቭ ተነሥቶ አገሩ ያለ ምክንያት የሚደረግን ወረራ ከማኅበሩ ጋር ቆማ እንደምትቃወም ለዓለም ተናግሮ ነበር። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ባልድዊንም ከሦስት ሳምንት በፊት ምርጫ ያሸነፈው ለማኅበሩ ታማኝ ነኝ ብሎ ነው። የመረጠው ሕዝብ ለእንደራሴዎቹ የቁጣ ደብዳቤ አዘነበባቸው። የገዢው ፓርቲ ሰዎችም ሸሹት። ካቢኔው ኅዳር 29 ቀን የተቀበለውን ዕቅድ ከዘጠኝ ቀን በኋላ ካደው፤ ሆርም ታኅሣሥ 8 ቀን ሥልጣኑን ለቀቀ። በዕረፍቱ ላይ በበረዶ ሲንሸራተት ወድቆ አፍንጫውን ሰብሮ ስለነበር የስንብት ንግግሩን ያደረገው አፍንጫው እንደታሸገ ነው። በቦታው አንቶኒ ኢደን ተተካ።

እዚህ ላይ መታወቅ ያለበት፣ ዕቅዱን የገደለው የሕዝቡ ቁጣ እንጂ የመንግሥታት ሕሊና አለመሆኑን ነው። በፈረንሳይ ሊዮን ብሉምና ፖል ሬኖ ላቫልን በምክር ቤት ክፉኛ አጠቁት፤ እሱ ግን ለጊዜው በጥቂት ድምፅ ተርፎ በጥር ወር ነው የወደቀው። ሶቪየት ኅብረት ዕቅዱን ነቀፈች፤ ነዳጇን ለኢጣልያ መሸጥ ግን አላቆመችም። አሜሪካ የማኅበሩ አባል አልነበረችም። የሩዝቬልት መንግሥት ነጋዴዎቹ ነዳጅ እንዳይልኩ መክሮ ነበር፤ ነገር ግን ምክር እንጂ ሕግ ስላልሆነ ሽያጩ እየጨመረ ሄደ። ከፓሪሱ ወሬ በኋላማ አውሮፓውያኑ ራሳቸው ለሚሸጡት አገር እኛ ለምን ንግዳችንን እናጣለን የሚሉት በረቱ። በእውነት የደነገጡት ትንንሾቹ አገሮች ናቸው፤ ኢትዮጵያ እንዲህ ከተቆረሰች ነገ የእኛ ተራ ነው አሉ። ሃምሳው አገሮች በኢጣልያ ላይ ሲተባበሩ ጉባኤውን በሊቀ መንበርነት የመራው የቼኮስሎቫክያው ኤድቫርድ ቤኔሽ ነበር። ሆር ሥልጣኑን በለቀቀበት በዚያው ቀን ቤኔሽ የአገሩ ፕሬዚዳንት ሆኖ ተመረጠ። ከሦስት ዓመት በኋላ ሙኒክ ላይ አገሩ ሲቆረስ እንግሊዝን ከመሩት ሚኒስትሮች አንዱ ይኸው ሆር ነው።

የእኛ መንግሥትስ? አዲስ አበባ የነበረው የእንግሊዝ ሚኒስትር ሰር ሲድኒ ባርተን ጃንሆይ ዕቅዱን በበጎ እንዲያዩት እንዲመክራቸው ከለንደን ታዘዘ። ኢትዮጵያ ግን የታኅሣሥ 2ቱን ስብሰባ ሳታሳልፍ የማኅበሩ ጠቅላላ ጉባኤ ተጠርቶ ዕቅዱን በግልጽ እንዲመረምረው ጠየቀች። ይህ ጥበብ ነበር፤ ልምድም ነበረበት። በ1918 ዓ.ም. እንግሊዝና ኢጣልያ ጣናንና የባቡር መንገድን በድብቅ ሲከፋፈሉ፣ ያን ጊዜ አልጋ ወራሽ የነበሩት ራስ ተፈሪ ነገሩን ለማኅበሩ አቅርበው አሳፍረዋቸው ነበር። በድብቅ የተዶለተ ነገር አደባባይ ሲወጣ እንደሚቀልጥ ያውቁታል። ቀጥሎም ጃንሆይ ዕቅዱን መቀበል ሕዝባቸውንም፣ በማኅበሩ የተማመኑትን ትንንሽ አገሮችም መክዳት እንደሆነ ገልጸው ከደሴ መልስ ሰጡ። በዚያው ሰሞን የራስ እምሩ ጦር ተከዜን ተሻግሮ በሽሬ በኩል ኢጣልያኖችን እየመታ ነበር።

ሙሶሊኒ በበኩሉ እሺ አላለም። ሆር በወረደበት በታኅሣሥ 8 ቀን ፖንቲኒያ ላይ ቆሞ ጦርነቱ እንደሚቀጥል ፎከረ። ስለዚህ «ጃንሆይ እምቢ ስላሉ ሰላም ቀረ» ለሚሉት ወንድሞች የመጀመሪያው መልሴ፣ ሌላው ወገን ያልተቀበለውን ሰላም አንድ ወገን ብቻውን ሊያመጣው አይችልም የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ኢጣልያኖች በደቡቡ ክልል ሰፍረው፣ ዐድዋንና መቀሌን ይዘው፣ በመሐል የቀረችው ኢትዮጵያ ስንት ዓመት ትቆይ ነበር? እርግጥ ነው፣ በዚያው ታኅሣሥ ወር የጀመረው የመርዝ ጋዝ፣ ከዓመት በኋላም የየካቲት 12 እልቂት ሲታሰብ «ምናለ ባልሆነ» ማለት የሰው ባሕርይ ነው፤ እኔም እላለሁ። ነገር ግን የሚመረጥ ሰላም ቀርቦ ነበር ማለት ሌላ ነገር ነው።

ይልቅ የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ዕቅዱ ሲሞት የነዳጁ ማዕቀብም አብሮ ተቀበረ። ታኅሣሥ 2 ቀን ሊወሰን የነበረው ወደ ባለሙያዎች ኮሚቴ ተመራ። ባለሙያዎቹ በየካቲት ወር ባቀረቡት ዘገባ፣ አሜሪካም ከተባበረች ማዕቀቡ ከሦስት እስከ ሦስት ወር ተኩል ባለው ጊዜ ኢጣልያን ይይዛታል አሉ። ማንም አልወሰነም። በየካቲት ወር መጨረሻ የሂትለር ጦር ራይንላንድ ሲገባ ሁሉም ፊቱን ወደዚያ አዞረ። ሚያዝያ 27 ቀንም አዲስ አበባ ተያዘች። ሙሶሊኒ በኋላ ሙኒክ ላይ ለሂትለር፣ ነዳጅ ቢከለክሉኝ ኖሮ በሳምንት ውስጥ ከሐበሻ አገር ለመውጣት እገደድ ነበር ብሎ እንደነገረው የሂትለር አስተርጓሚ የነበረው ሽሚት ጽፎታል። ሙሶሊኒ ማጋነን ይወድ ነበርና ሳምንቱን እንዳለ ላንቀበለው እንችላለን። ፍርሃቱ ግን እውነት ነበር፤ ሆርንም ፓሪስ ያስወረደው ያ የነዳጅ ቀጠሮ ነው።

ማኬንዚ ኪንግ በየካቲት ወር በኦታዋ ምክር ቤት ተነሥቶ፣ መንግሥቱ በነዳጁ ጉዳይ የወሰደው እርምጃ ባይኖር ኖሮ አውሮፓ በእሳት በተያያዘች ነበር ሲል ተመጻደቀ። ላቫል ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በአገር ክህደት ተፈርዶበት በ1938 ዓ.ም. በጥይት ተደበደበ። ሆር ከስድስት ወር በኋላ የባሕር ኃይል ሚኒስትር ሆኖ ወደ ካቢኔው ተመለሰ። ሪደልን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1937 ከጄኔቭ አንሥተው ወደ ዋሽንግተን፣ በ1940 የካናዳ ከፍተኛ ኮሚሽነር አድርገው ወደ ኒውዚላንድ ላኩት። በ1947 ስለ ጄኔቭ ዘመኑ መጽሐፍ አሳትሟል። በዚህ ከተማ በምናደርጋቸው የዐድዋና የሚያዝያ 27 በዓሎች ላይ ስለ ኢትዮጵያ የቆሙ የውጭ አገር ሰዎች ስም ሲጠራ የሲልቪያ ፓንክኸርስት ስም ሁልጊዜ ይነሣል፤ ይገባታልም። የዚህን የኦንታርዮ ሰው ስም ግን እስካሁን ሲጠራ ሰምቼ አላውቅም።