የሠራተኞች መንደር የማኅበረሰብ ሕንፃዎች፦ የኒው ላናርክ ቅርስ

በስኮትላንድ፣ በክላይድ ወንዝ ዳር የምትገኘው ኒው ላናርክ ለጥጥ ፈትል ፋብሪካ ሠራተኞች የተቆረቆረች መንደር ናት። ፋብሪካው ሥራ የጀመረው በ1786 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ሲሆን፣ ከ1800 ጀምሮ ያስተዳደረው ሮበርት ኦወን ነበር።

ኦወን ከ10 ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት በፋብሪካው እንዳይቀጠሩ አደረገ። ጥር 1 ቀን 1816 ደግሞ «የሰብእና መቅረጫ ተቋም» የተሰኘውን ሕንፃ ከፈተ። በተቋሙ ቀን ቀን ሕፃናት ይማሩበት፣ ማታ ማታ አዋቂዎች ከሥራ መልስ ትምህርት ይከታተሉበት፣ ሙዚቃና ጭፈራም ይካሄድበት ነበር። የመንደሩ ሱቅ ጥራት ያለውን ሸቀጥ በተመጣጣኝ ዋጋ ያቀርብ የነበረ ሲሆን፣ ትርፉም ለትምህርት ቤቱ ይውል ነበር። ይህ አሠራር ለኅብረት ሥራ ማኅበራት እንቅስቃሴ አርአያ ከሆኑት አንዱ ነው።

ፋብሪካው በ1968 ሲዘጋ መንደሯ ለመፍረስ ተዳርጋ ነበር። በ1974 የተጀመረው የጥበቃ ሥራ ግን ከፋብሪካው ጋር መኖሪያ ቤቶቹን፣ ትምህርት ቤቱንና ተቋሙን አብሮ ታድጓል። ኒው ላናርክ በ2001 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግባለች፤ ዛሬም ነዋሪዎች አሏት። የማኅበረሰብ ሕንፃዎቹ ባይጠበቁ ኖሮ ፋብሪካው የማምረቻውን ታሪክ ብቻ በተረከ፣ የሠራተኞቹ ሕይወት ግን በተዘነጋ ነበር።