«ደገመ»

ጎጃም ውስጥ «የእገሌ ልጅ ደገመ» ሲባል ቢሰሙ፣ ወሬው የደስታ ይሁን የኀዘን ለማወቅ የት ቆመው እንደሰሙት ያስቡ። ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ከሆነ ልጁ ዳዊት ደግሟል፤ እናቱ ትኮራለች። የመንግሥት ትምህርት ቤት አጥር ሥር ከሆነ ግን ክፍል ደግሟል፤ እናቱ አንገቷን ትደፋለች። ቃሉ ያው ነው። ታዲያ መቼ ነው ክብሩን የጣለው?

በቄስ ትምህርት ቤት መድገም የመማር ሌላ ስሙ ነበር። ያንኑ ጽሑፍ ልጁ በግእዝ ንባብ ያነበዋል፣ ተመልሶ በውርድ ንባብ፣ ተመልሶ በቁም ንባብ። ካልያዘለት ነገ እዚያው ገጽ ላይ ነው። «ከመቶ ስንት አመጣህ?» የሚለው አልነበረም፤ የሚጠየቀው «ያዝከው?» ተብሎ ነበር።

ቅኔ ቤት ነገሩ ይረቃል። ስማቸው ከገነነው ከዋድላ፣ ከዋሸራና ከጎንጅ ሁለቱ የጎጃም ናቸው። ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ መንገድ ላይ ያለችው ማንኩሳ ደግሞ ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» የበዛብህ ትውልድ መንደር ናት። የቅኔ ተማሪ ሁለት ቤት ካላት ጉባኤ ቃና ይጀምራል። ቆጥሮ ይነግራል፤ ከተበላሸች ታርሞ ይመለሳል፣ ነገ ሌላ ይዞ ይመጣል። ልብ በሉ፣ ሌላ! የትናንቱን እርማት ሸምድዶ ማለፍ የለም። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር በነበረበት ዘመን ያስቀናኝ የነበረው ይኼ ነው፤ ኩረጃ የማያዋጣበት ፈተና። (አለንጋው፣ ቁራሽ ልመናውና ውሻው አላስቀኑኝም።)

ዘመናዊው ትምህርት መድገምን ቅጣት አደረገው፤ ዓመት የሚያስቃጥል ቅጣት። ከ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በኋላ ደግሞ ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል ያለ ልጅ በቀጥታ ይለፍ ተባለ። ዓላማው ክፉ አልነበረም፤ ልጅ በለጋነቱ ተስፋ እንዳይቆርጥ ነው። ግን ክፍል መድገሙ ሲነሳ ትምህርቱን መድገሙ አልተተካም፤ ፊደል ያልለየው ከለየው ጋር አብሮ ወጣ። ሒሳቡ መጨረሻ ላይ መጣ። በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ የ12ኛ ክፍል ፈተና ዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ ሲሰጥ፣ ሃምሳ በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። ያን ጊዜ መንግሥት «ሪሚዲያል» ብሎ ሁለተኛ ዕድል ከፈተ። ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ! ያቺ ዕድል እኮ በሦስተኛ ክፍል ኩዊዝ ላይ ብትሰጥ የግማሽ ሰዓት ጉዳይ ነበረች።

አሜሪካዊው ቤንጃሚን ብሉም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1968 ተማሪው ትምህርቱን እስኪይዝ እየታረመ ደጋግሞ ይፈተን ብሎ ሲጽፍ፣ ለዋሸራ መሪጌታ አዲስ ነገር አልነገረም። ለእኛ መምህራን ግን እንግዳ ነገር ነው። «ደጋግመን ከፈተንን ማን ያጠናል?» ይላሉ። ያው ጥያቄ ከተደገመ እውነት አላቸው፤ ልጁ መልሱን እንጂ ትምህርቱን አይዝም። ጥያቄው እንደ ጉባኤ ቃናዋ ሌላ ከሆነ ግን ካላጠና በምን ይመልሰዋል?

የሚከብደው ሌላኛው ስሞታ ነው። የቡሬ መምህር በአንድ ክፍል ስልሳ ሰባ ልጅ ይዞ፣ በአርባ ደቂቃ ማንን ደግሞ ይፈትን? ቅኔ ቤትም እኮ ተማሪው ብዙ፣ የኔታ አንድ ነበሩ። ጀማሪው ግን በቀጥታ እሳቸው ዘንድ አይቀርብም፤ አስነጋሪ የሚባል የበሰለ ተማሪ ቅኔውን ሰምቶ ያርምለታል። አስነጋሪው ራሱም ከዚያ በፊት በሌላ አስነጋሪ ፊት ስንት ጊዜ ተመልሶ የመጣ ልጅ ነው።