ከኬላ እስከ ኮምፒዩተር፤ ስለ ሰው የሚጻፍ ዕውቀት በካፋ ምድር

ስለ ሰው፣ ስለ ቤቱና ስለ መሬቱ ማወቅ ራሱን የቻለ ሥልጣን ነው። ያወቀ ሰው የታወቀበትን ሰው ሊጠቅምበትም ሊጎዳበትም ይችላል። ስለዚህም በዘመናችን የኮምፒዩተርን ጥበብ የሚያስተምሩ ታላላቅ ትምህርት ቤቶች ከቍጥሩና ከመሣሪያው ጋራ የግብረ ገብን ነገር አያይዘው ያስተምራሉ። አሜሪካዊው የሒሳብ ሊቅ ኖርበርት ዊነር እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1950 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ፣ መሣሪያው ሰውን እንዲያገለግል እንጂ ሰው ለመሣሪያው እንዳይገዛ ካስጠነቀቀ ወዲህ ይህ ጥያቄ እየሰፋ ሄዷል። ብዙ ሰው ግን ነገሩን የሩቅ አገርና የአዲስ ዘመን ጕዳይ አድርጎ ያየዋል። እኛ ግን ጥያቄው በካፋ ምድር፣ በቦንጋ፣ ከ180 ዓመት በፊት ተነሥቶ እንደ ነበረ በታሪክ ለማሳየት እንወዳለን።

የካፋ መንግሥት በራሱ ንጉሥና በራሱ መማክርት በሚተዳደርበት ዘመን፣ ዳር ድንበሩን በጥልቅ ጕድባና በኬላ አጥሮ ይጠብቅ ነበር። ባዕድ ሰው ያለ ንጉሡ ፈቃድ ኬላውን አያልፍም። እንዲህ በመሆኑ ኬላው የሚጠብቀው ሰውንና ዕቃን ብቻ ሳይሆን የአገሩን ወሬ ጭምር ነበር ለማለት ይቻላል። እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1843 ዓ.ም. አንቷን ዳባዲ የተባለ ፈረንሣዊ፣ የእናርያው ንጉሥ አባ ባጊቦ ከካፋ ሙሽራ ያመጡለት ዘንድ የላካቸውን መልክተኞች ተከትሎ ቦንጋ ገባ። ይህ ሰው በኢትዮጵያ ባደረገው ረጅም ጕዞ የተራራዎችን ጫፍ እያነጻጸረ፣ ፀሐይንና ከዋክብትን እየተመለከተ፣ በመቶ የሚቈጠሩ ስፍራዎችን ኬክሮስና ኬንትሮስ ለመወሰን ብዙ ደክሟል። የድካሙም ፍሬ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ከ1860 እስከ 1873 ዓ.ም. በፓሪስ ታተመ።

ትምህርት የሚሰጠን ግን በዚህ መካከል የሆነው ነገር ነው። በጎጃም የተጓዘው እንግሊዛዊ ቻርልስ ቢክ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1850 ዓ.ም. በሎንዶን ባሳተመው መጽሐፍ፣ ዳባዲ ካፋ አልደረሰም ሲል ከሰሰው፤ እርሱ ራሱ ከፓሪስ የጂኦግራፊ ማኅበር ተሸልሞት የነበረውን የወርቅ ሜዳይ እስከ መመለስም ደረሰ። የክርክሩ ሸንጎ ሎንዶንና ፓሪስ ነበረ። ስለ አገሩ የሚጻፈው የቦንጋ ሰው በዚያ ሸንጎ ወንበር አልነበረውም። ከዚህም በላይ ዳባዲ ያን ያህል እየተጠነቀቀ ሲለካ፣ የነጭ ዓባይን ምንጭ በኦሞ ወንዝ ገባሮች ዘንድ ያገኘ መስሎት ተሳስቷል። ስለዚህ የተጠነቀቀ ልክና የተሳሳተ ፍርድ በአንድ ሰው መዝገብ ውስጥ አብረው ሊኖሩ እንደሚችሉ ከዚህ እንማራለን።

በ1889 ዓ.ም. የራስ ወልደ ጊዮርጊስ ሠራዊት ዘምቶ፣ በመጨረሻም ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ በተያዙ ጊዜ የካፋ መንግሥት ዘመን አከተመ፤ የኬላውም ጥበቃ ከእርሱ ጋራ አለፈ። መቶ ዓመት ካለፈ በኋላ ደግሞ የካፋ ገበሬ በሌላ ዐይነት መዝገብ መጻፍ ጀመረ። በ2000 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በአዲስ አበባ ተከፈተ፤ በተከታዩ ዓመት ቡና ገባበት፤ በቦንጋም የመረከቢያ መጋዘን ተቋቋመ። የአዲስ አበባው ዋጋ በቦንጋ ወዲያው መሰማቱ ታላቅ ጥቅም ነበረ። ነገር ግን ቡናው በደረጃና በአካባቢ ስም ከሌላው ጋራ ስለሚቀላቀል፣ መዝገቡ መጠንን፣ ደረጃንና ዋጋን ሲይዝ የገበሬው ስም በመንገድ ይቀር ነበር። የዚህ ዘመን ጕድለት እንግዲህ የገበሬው አለመታወቅ ነው።

ዛሬ የመጣው ጥያቄ የዚህ ተቃራኒ ነው። የኤውሮፓ ኅብረት እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ2023 ዓ.ም. ባወጣው ሕግ፣ ከዲሴምበር 31 ቀን 2020 በኋላ ጫካ በተመነጠረበት መሬት የበቀለ ቡና ወደ ገበያው እንዳይገባ ከለከለ። ሕጉ የሚፈጸምበት ቀን ከአንድ ጊዜ በላይ ቢራዘምም፣ የሚጠይቀው ነገር ግልጽ ነው። እያንዳንዱ ቡና የበቀለበት መሬት በኬክሮስና በኬንትሮስ ይመዝገብ ይላል። መሬቱ ከ4 ሄክታር ካልበለጠ አንድ ነጥብ ይበቃል፤ ከበለጠ ግን ወሰኑ በሙሉ ይነሣል። የነጥቡም ቍጥር ከዴሲማሉ ምልክት በኋላ ስድስት አኃዝ እንዲኖረው ያስፈልጋል። አንድ ዲግሪ 111 ኪሎ ሜትር ያህል ስለ ሆነ፣ ስድስተኛው አኃዝ የሚያመለክተው 11 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ይኸውም ከስንዝር ያነሰ መሆኑ ነው። ዳባዲ ተራራውን ለካ፤ የዛሬው መሣሪያ ግን የገበሬውን ጓሮ ይለካል።

የሕጉን ዓላማ አንነቅፍም። የካፋ ጫካ በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ የተመዘገበ፣ የቡና ዘር ሀብት የሚገኝበት ስፍራ ነው፤ ቢጠፋ ጕዳቱ የዓለም ነው። ሆኖም ሦስት ጥያቄዎች መልስ ይሻሉ።

የመጀመሪያው የፈቃድ ጥያቄ ነው። ገበሬው መሬቱ ለምን እንደሚለካና መዝገቡ ወዴት እንደሚሄድ በሚሰማው ቋንቋ፣ በካፊኖኖ፣ ተነግሮታልን? ሳያውቅ የፈረመ ፈቀደ አይባልም።

ሁለተኛው የስሕተት ጥያቄ ነው። ከሰማይ የሚነሣው የሳተላይት ሥዕል በዛፍ ጥላ ሥር ያለውን ቡና ከጫካው ለመለየት ይቸገራል። ነጥቡ ተሳስቶ ቢጻፍ ወይም ሥዕሉ ተሳስቶ ቢነበብ፣ ከአባቶቹ ጀምሮ በዛፍ ጥላ ሥር ቡና ሲለቅም የኖረ ሰው እንደ መንጣሪ ሊቈጠር ነው። ለዚህ ሰው ስሕተቱን የሚሰማለት ሸንጎ የት አለ?

ሦስተኛው መዝገቡ ከታሰበለት ሥራ ውጭ እንዳይውል የመጠበቅ ጥያቄ ነው። በሆላንድ አገር ለአስተዳደር በጎ ሥራ የተጻፈ የነዋሪዎች መዝገብ፣ ናዚዎች አገሩን ከያዙ በኋላ አይሁድን ለቅሞ ለመያዝ አገልግሏል። እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1943 ዓ.ም. የአገሩ አርበኞች የአምስተርዳምን መዝገብ ቤት እስከ ማቃጠል የደረሱት ስለዚህ ነው። በጎ አሳብ የሰበሰበውን ክፉ እጅ ሊወርሰው ይችላል።

አገራችን በዚህ ረገድ ባዶ እጇን አይደለችም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 1321 ሰው ስለ ራሱ የተመዘገበውን እንዲያውቅ፣ እንዲመለከትና ስሕተት ቢገኝ እንዲያስታርም መብት ሰጥቶታል። ነገር ግን የአዲስ አበባ አዋጅ የካፋ ገበሬ ደጃፍ ካልደረሰ መብቱ ወረቀት ላይ ይቀራል። «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» የሚለው የአባቶች ምሳሌ ለዚህ ዘመንም ይሠራል።

ስለዚህ ከዚህ ታሪክ ለሥራ የሚሆን ምክር እናውጣ። መሬት ለመለካት የሚሄድ ባለሙያ የጻፈውን በባለመሬቱ ቋንቋ አንብቦ ያሰማው፤ ግልባጩን በወረቀት ይተውለት፤ ስሕተት ቢገኝ አቤት የሚባልበትን መሥሪያ ቤት ይንገረው። ይህ ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ ሥራ ነው። መምህራንም የኮምፒዩተርን ግብረ ገብ ሲያስተምሩ ምሳሌውን ከሩቅ አገር ብቻ ከሚያመጡ፣ ቦንጋ ዛሬ የዩኒቨርሲቲ ከተማና በ2014 ዓ.ም. የተቋቋመው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል መቀመጫ ስለ ሆነች፣ ተማሪዎቻቸውን ወደ ቡናው ጫካ ይላኳቸው። ተማሪው አንዱን ገበሬ «ስለ መሬትህ ምን እንደ ተጻፈ ታውቃለህን?» ብሎ ቢጠይቅ፣ የሚያገኘው መልስ የትምህርቱን ቁም ነገር ያስረዳዋል። በዳባዲ ዘመን ለቦንጋ ሰው ያልተሰጠው ወንበር ለልጅ ልጆቹ የሚሰጥ እንደ ሆነ የሚታወቀው በዚያ መልስ ነው።