ጥይቱ በማን በር ያልፋል?

ጣሊያን መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. መረብን ሲሻገር ኢትዮጵያን የቸገራት የተዋጊ እጥረት አልነበረም፤ ጥይት ነበር። በነሐሴ 1922 ዓ.ም. ፓሪስ ላይ ከእንግሊዝ፣ ከፈረንሳይና ከጣሊያን ጋር የተፈረመው ውል መንግሥቱ መሣሪያ እንዲገዛ ይፈቅዳል። መግቢያው ግን የጅቡቲና የበርበራ ወደብ ነውና ፊርማው የሚጸናው ባለወደቡ እስከፈቀደ ድረስ ብቻ ነበር። በ1927 ክረምት እንግሊዝና ፈረንሳይ ለሁለቱም ወገን መሣሪያ አንሸጥም አሉ። ለጆሮ ፍትሕ ይመስላል! ጣሊያን ጠመንጃውንም ታንኩንም አውሮፕላኑንም በገዛ ፋብሪካዋ ስለምታመርት ክልከላው የጎዳው አንዱን ወገን ብቻ ነው። ጦርነቱ ፈንድቶ እገዳው ለኢትዮጵያ ሲነሣ ደግሞ፣ መሣሪያ ተገዝቶና ባሕር ተሻግሮ ጦር ሜዳ እስኪደርስ የሚታገሥ ጠላት አልነበረም።

ጣሊያን አገሪቱን ከያዘች በኋላ የተነሡት የምሥራቅ ጎጃም አርበኞች፣ ከብቸናና ከሞጣ እስከ ሉማሜ፣ ወደብም አቅራቢም አልነበራቸውም። በላይ ዘለቀን የመሰሉ መሪዎች ዋና ግምጃ ቤታቸው ጠላት ራሱ ነበር። በጀግንነት ትረካችን ብዙ ጊዜ የሚዘለለው የጥይቱ ነገር ነው። ውጅግራ የተባለው ጠመንጃ 11 ሚሊ ሜትር፣ ለበን 8፣ የጣሊያኑ ካርካኖ 6.5 ይጎርሳሉ፤ የአንዱ ለሌላው አይሆንም። ስለዚህ የተማረከ ካርካኖ ከአባት ከወረሱት ውጅግራ ይሻል ነበር፤ ጥይቱ በአቅራቢያው ባለ የጣሊያን ምሽግ ይገኛልና። ይህ ግን ነጻነት አይደለም፤ እያንዳንዱ ዝናር በሰው ሕይወት የሚገዛ ነበር። የእንግሊዙ መኮንን የሳንድፎርድ ጓድ ከሱዳን ጎጃም የገባው በነሐሴ 1932 ነው፤ ጣሊያን በእንግሊዝ ላይ ጦርነት ካወጀች ከሁለት ወር በኋላ። በሩን የዘጋችውም የከፈተችውም ያችው እንግሊዝ ናት፤ ሁለቱንም ጊዜ ያሰበችው ለራሷ ነው።

የዓድዋስ ድል በባዕድ ጠመንጃ የተገኘ አይደለም ወይ የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ከጠመንጃው ከፊሉን እንዲያውም ጣሊያን ራሷ የሰጠችው ነበር። ምኒልክ ግን ሻጮቹ እርስ በርስ በሚሻሙበት ዘመን፣ ከብዙ እጅ፣ ለዓመታት ሰብስበው አከማችተዋል። ጉዳቱ መሣሪያው ባዕድ መሆኑ ላይ ሳይሆን በሩ አንድ መሆኑ ላይ ነው። አንዱ ቢከለክል ሌላ ይገኛል ለሚል ደግሞ 1969 ዓ.ም. አለ። አሜሪካ ፊቷን ስታዞር ሶቪየት ኅብረት ተተካች፤ በአሜሪካ ትጥቅ የሠለጠነ ሠራዊት ከሶማሊያ ጋር በተደረገው ጦርነት መሐል አዲስ መሣሪያ ሊለምድ ግድ ሆነ። ሶማሊያ ከዚህ የባሰ ገጠማት። ትጥቋ በአብዛኛው ከሞስኮ ነበርና በኅዳር 1970 ከሶቪየቶች ጋር ውሏን ስትቀድድ፣ የታንኮቿን መለዋወጫ በበቂ የሚሞላላት አላገኘችም። በየካቲት ጅጅጋን ለቀቀች።